ገናዡ አምላክ፤ የጥንት ግብጻውያን አኑቢስ

«የሞት አምላክ» ሲባል የሰማ ሰው ወዲያው የሚታየው ሰይፍ የታጠቀ፥ ነፍስ የሚነጥቅ አስፈሪ ፍጥረት ነው። የታሪክ መምህራችን የአኑቢስን ሥዕል ባሳዩን ጊዜም ከክፍላችን ልጆች አንዳንዶቹ «ይህስ ሰይጣናቸው ነው» ብለዋል። አካሉ የሰው፥ ራሱ የቀበሮ ስለ ሆነ አይፈረድባቸውም። ነገር ግን አኑቢስ ማንንም አይገድልም። የእርሱ ሥራ የሚጀምረው ሰው ከሞተ በኋላ ነው፤ ይኸውም ሬሳ መገነዝ፥ መቃብር መጠበቅና በፍርድ ጊዜ ሚዛን መያዝ ነው።

አኑቢስ ብለው የጠሩት ግሪኮች ሲሆኑ ግብጻውያን ኢንፑ ይሉት ነበር። ምስሉ ከመጀመሪያዎቹ ፈርዖኖች ዘመን፥ ማለት ከዛሬ 5000 ዓመት ገደማ ጀምሮ ይገኛል። ስለ ምን የቀበሮ ራስ ተሰጠው? በጥንት ጊዜ ሬሳ የሚቀበረው በበረሃው ዳር ጥልቅ ባልሆነ የአሸዋ ጉድጓድ ነበር፤ ቀበሮም ሌሊት እየመጣ ይጭረው ነበር። በእነርሱ እምነት ደግሞ ሥጋ ከጠፋ ነፍስ ማረፊያ ታጣለች። ስለዚህ ሊቃውንት እንደሚገምቱት የሚፈሩትን አውሬ ራሱን የመቃብር ዘበኛ አድርገው ሾሙት። ሌባን አስምሎ ጎተራ እንደ ማስጠበቅ ያለ ብልሃት ነው!

መልኩ ጥቁር ነው፤ የበረሃው ቀበሮ ግን ጥቁር አይደለም። ጥቁረቱ በመድኃኒት የደረቀውን ሬሳ መልክ፥ ደግሞም ዓባይ በየዓመቱ እየሞላ የሚያለብሳቸውን ለም ደለል ያመለክታል። ስለዚህ ጥቁር በእነርሱ ዘንድ የኀዘን ሳይሆን እንደ ገና የመብቀል ቀለም ነበር። ያ ደለል በአብዛኛው በዓባይና በተከዜ ከእኛው ደጋ ታጥቦ የወረደ አፈር መሆኑን ልብ ይሏል።

አሁን ወደ ግንዘቱ እንምጣ። ሥራው በጠቅላላው 70 ቀን ይፈጅ ነበር። አንጎልን በአፍንጫ በኩል በሜንጦ አውጥተው ይጥሉታል። ሳንባ፥ ጉበት፥ ጨጓራና አንጀት ግን በአራት ማሰሮዎች ለየብቻ ይቀመጣሉ። ከዚያ በኋላ ሬሳውን ናትሮን በሚባል ጨው ቀብረው ወደ 40 ቀን ያህል ያደርቁታል። ጨው ከሚመጣባቸው ስፍራዎች ዋናው ዋዲ ናጥሩን ሲሆን ይህ በረሃ በኋላ የመነኮሳቱ ገዳመ አስቄጥስ የተመሠረተበት ነው። በመጨረሻ በበፍታ ይጠቀለላል። ይህን ሥርዓት የሚመራው ካህን የአኑቢስን ቦታ ይይዝ ነበር፤ በሥራው ጊዜ የቀበሮ ጭንብል ያጠልቅ እንደ ነበረም ይታመናል። በአፈ ታሪካቸው ኦሲሪስ በገዛ ወንድሙ ተገድሎ ሳለ የገነዘው አኑቢስ ነውና። በቀድሞ ዘመን የሙታን ጌታ አኑቢስ ራሱ ነበር፤ በኋላ ግን ዙፋኑን ኦሲሪስ ወረሰው። ሹመቱ ቢቀርም ሥራው አልቀረበትም።

ልብ ግን ከሬሳው አይወጣም። እንደ እነርሱ አስተሳሰብ ሰው የሚያስበውና የሚያስታውሰው በልቡ ስለ ሆነ፥ በፍርድ ጊዜ የሚመዘነው እርሱ ነው። ለንደን በብሪቲሽ ሙዚየም ባለው፥ ከልደተ ክርስቶስ በፊት በ1250 ዓመት አካባቢ በተጻፈው በአኒ ፓፒሩስ ላይ ይህ ፍርድ ተሥሏል። በአንዱ ሳህን የአኒ ልብ፥ በሌላው የእውነት ላባ ተቀምጧል። ቶት ብዕር ይዞ ይጽፋል። ራሷ የአዞ፥ ደረቷ የአንበሳ፥ ኋላዋ የጉማሬ የሆነችው አሚት ልቡ ቢከብድ ልትውጠው ትጠብቃለች። አኑቢስስ? ተንበርክኮ የሚዛኑን ልክ ይመለከታል። አይከስም፥ አይማልድም።

ሟቹ በ42 አማልክት ፊት አለመስረቁን፥ አለመግደሉን፥ ሚዛንም አለማጭበርበሩን መናገር ነበረበት። ነገር ግን በሬሳው ደረት ላይ የጢንዚዛ ቅርጽ ያለው ድንጋይ ያኖሩለት ነበር፤ በድንጋዩም ላይ ልቡ እንዳይመሰክርበት የሚለምን ቃል ይቀረጻል። እኔን ከሁሉ ይልቅ ያስገረመኝ ይህ ነው። ሚዛን ያዡን አልጠረጠሩትም፤ የፈሩት የገዛ ልባቸውን ነው። ምስክርን ዝም ለማሰኘት መሞከር ግን ያንኑ ሚዛን ማጭበርበር አይሆንምን? መምህራችንን ብጠይቃቸው «ግብጻውያኑን ጠይቅ» ብለው ሳቁ።

ሃዋርድ ካርተር በ1922 እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር የቱታንክአሙንን መቃብር ባገኘ ጊዜ፥ በዕቃ ቤቱ በር ላይ በወርቅ በተለበጠ ሣጥን የተኛ ጥቁር የእንጨት አኑቢስ ነበር። ጆሮው ቀጥ ያለ፥ ጥፍሩ ብር፥ አካሉ በበፍታ የተሸፈነ ነው። በጥንት ዘመን ሌቦች በአጠገቡ አልፈው የጌጥ ሣጥኖችን በርብረዋል። ከኋላው ያለውን፥ የንጉሡ ሆድ ዕቃ የተቀመጠበትን ሣጥን ግን አልነኩትም።