ለአደንና ለተራራ ጉዞ የሚሆን ቢላዋ አመራረጥ

ስንቁንና መኝታውን በጀርባው ተሸክሞ ወደ ተራራ የሚወጣ ሰው ከሚይዛቸው ዕቃዎች መካከል ቢላዋውን ያህል እጁ የማይለየው የለም። ዳቦ ይቈርጥበታል፤ ገመድ ይበጥስበታል፤ እሳት ለማያያዝ እንጨት ይጠርብበታል፤ አዳኝም እንደ ሆነ የገደለውን እንስሳ ቆዳ ይገፍበታል። ይሁን እንጂ ብዙ ወጣቶች ቢላዋ ሲገዙ ከኹሉ አስቀድመው የሚመለከቱት ርዝመቱንና ግርማውን ነው። በዚህ ጽሑፍ ለማስረዳት የምንፈልገው ለዚህ ሥራ የሚሻለው አጭር፣ ስስና የማይታጠፍ ቢላዋ መኾኑንና የዚህም ምክንያቱ ምን እንደ ኾነ ነው።

በመጀመሪያ ሰንጢን እናንሣ። ሰንጢ በኪስ የሚያዝ ስለ ኾነ ለመንገደኛ የተመቸ ይመስላል፤ እርሳስ ለመቅረጽና ብርቱካን ለመላጥም መልካም ነው። ነገር ግን ሰንጢ የሚታጠፍበት መገጣጠሚያ አለው። ብረቱን ወደ እንጨት ተጭነን በምናጣምምበት ጊዜ ኀይሉ ኹሉ የሚያርፈው በዚያች ትንሽ ምሰሶ ላይ ነው። ምሰሶዋ ከላላች ወይም መቈለፊያው ከከዳ ስለቱ ተመልሶ በጣቶች ላይ ይታጠፋል። ደግሞም እንስሳ በሚታረድበት ጊዜ ደምና ስብ ወደ መገጣጠሚያው ይገባል፤ በውሃ ብቻ አጥቦ ለማውጣትም አስቸጋሪ ነው፤ በውስጡ የቀረውም ይሸታል። የማይታጠፍ ቢላዋ ግን አንድ ጊዜ ታጥቦ በጨርቅ ቢወለወል ይበቃዋል።

ከደባርቅ ተነሥቶ ከ4,500 ሜትር በላይ ከፍታ ወዳለው ወደ ራስ ደጀን የሚወጣ ሰው ጣቱን ክፉኛ ቢቈረጥ ሐኪም ዘንድ ለመድረስ ረጅም የእግርና የበቅሎ መንገድ ይጠብቀዋል። እንግዲህ የቢላዋ ምርጫ የጌጥ ጉዳይ አይደለም። (የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ አደን የተከለከለበት ስለ ኾነ በዚያ ቢላዋው ለምግብና ለሰፈር ሥራ ብቻ እንደሚያገለግል አንባቢ ልብ ይበል። በሌላም ስፍራ ቢኾን ያለ ፈቃድ ማደን ክልክል ነው።)

አኹን ወደ መጠኑ እንምጣ። በኹለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1942 ዓ.ም.፣ ለአሜሪካ ባሕር ኀይል እግረኛ ወታደሮች የተመረጠው ካባር የተባለው ቢላዋ የብረቱ ርዝመት 18 ሴንቲ ሜትር ያህል ሲኾን ክብደቱ ወደ 300 ግራም ይደርሳል። በስዊድን አገር ሞራ በምትባለው ከተማ የሚሠራው ተራ የሥራ ቢላዋ ግን ብረቱ 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው፤ ውፍረቱ 2 ሚሊ ሜትር ተኩል፣ ክብደቱም ያለ አፎቱ ከ100 ግራም ያነሰ ነው። በኹለቱ መካከል ያለው ልዩነት አንድ ብርጭቆ ውሃ ያህላል። ይህ ጥቂት ነው የሚል ሰው ሊኖር ይችላል፤ ነገር ግን መንገደኛው በድንኳኑም፣ በድስቱም፣ በጫማውም እንዲሁ ጥቂት ጥቂት እያለ ከጨመረ ዳገቱ ላይ ሸክሙ ምን እንደ ኾነ ያውቀዋል።

ሰው ትልቅ ቢላዋ የሚፈልገው አጥንት ለመስበር ነው ይባላል። በአገራችን ብልት ማውጣት የሚችል ሰው አጥንት አይሰብርም፤ መገጣጠሚያውን በጣቱ ፈልጎ ጅማቱን ብቻ ይቈርጣል። አንዲት ዶሮ ዐሥራ ኹለት ብልት የምትኾነው በጉልበት ሳይኾን በዕውቀት ነው። ሚዳቋም ኾነ ድኩላ መገጣጠሚያው የት እንዳለ ለሚያውቅ ሰው ዐሥር ሴንቲ ሜትር ብረት አያንሰውም። ቆዳ በሚገፈፍበት ጊዜም አጭሩ ይሻላል፤ ጫፉ ለጣቱ ቅርብ ስለ ኾነ አንጀትን ሳይበሳ ለመምራት ይቀላል። አንጀት ከተበሳ ሥጋው ይበላሻል።

ስስ ብረት የተሻለ የሚኾንበትን ምክንያት በፊዚክስ ትምህርት እናገኘዋለን። ግፊት ማለት ኀይል ለስፋት ሲካፈል ነው። ስለዚህ የእጃችን ኀይል ሳይጨምር ስለቱ የሚያርፍበት ስፋት በግማሽ ቢቀንስ ግፊቱ እጥፍ ይኾናል። ከስለቱ በላይ ያለው የብረቱ አካል ደግሞ እንደ ሽብልቅ ነው፤ ወፍራም ሽብልቅ ግንድ ለመፍለጥ ይጠቅማል እንጂ ሥጋና ሽንኩርት ለመቈረጥ አይመችም። ግንድ የሚፈልጥ ሰው መጥረቢያ ይያዝ።

ይህን አሳብ ከብዙ ዘመን በፊት በግልጽ የጻፈ ሰው አለ። ነስሙክ በሚል የብዕር ስም የታወቀው አሜሪካዊው ጆርጅ ዋሽንግተን ሲርስ በሰውነቱ ትንሽና በሽተኛ ነበረ፤ ክብደቱ 50 ኪሎ አይሞላም ነበር። በ1883 ዓ.ም. (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር) የስድሳ አንድ ዓመት ሰው ሳለ ከ5 ኪሎ በታች በምትመዝን ታንኳ በኒው ዮርክ ግዛት በአዲሮንዳክ ሐይቆችና ዱሮች ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ተጓዘ። በተከታዩም ዓመት ውድክራፍት የተባለውን መጽሐፉን አሳተመ። በዚያ መጽሐፍ በሱቅ የሚሸጡትን ወፍራም የአደን ቢላዋዎች ነቅፎአል፤ እርሱ ራሱ የሚይዘው ግን ትንሽ መጥረቢያ፣ አንድ ስስ ቢላዋና አንድ ሰንጢ ነበር። ለእያንዳንዱ ሥራ የራሱ መሣሪያ ስለ ነበረው ቢላዋው ከባድ እንዲኾን አላስፈለገውም።

ከእርሱም በጣም የቀደመ ምስክር አለ። በ1991 (እ.ኤ.አ.) በኢጣልያና በኦስትሪያ ወሰን፣ ከ3,200 ሜትር በላይ በኾነ ከፍታ፣ ኤትዚ የተባለው ከ5,000 ዓመት በፊት የሞተ ሰው አስከሬን ከነዕቃው ከበረዶ ውስጥ ተገኘ። ቢላዋው ባልጩት ነው፤ ከእንጨት እጀታው ጋር ርዝመቱ 13 ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ ሲኾን ከዛፍ ልጥ የተጠለፈ አፎት ነበረው። የመዳብ መጥረቢያም ይዞ ነበር። ከኹሉ የሚያስደንቀው ግን ባልጩቱን የሚስልበት፣ የቀንድ ጫፍ ያለው ትንሽ መሣሪያ ማስከተሉ ነው።

ስለ ብረቱ ዐይነት በአጭሩ እንናገር። አረብ ብረት የሚጠነክረው በውስጡ ባለው ካርቦን ነው። ለቢላዋ ከመቶ ግማሽ እጅ ያህል ካርቦን ያስፈልጋል። ክሮሚየም ከመቶ ዐሥር እጅ ተኩል ገደማና ከዚያ በላይ ሲጨመርበት በቀላሉ አይዝግም፤ የዚህ ዐይነቱ በዝናብና በጭጋግ ለሚሄድ ሰው ይመቻል። ክሮሚየም የሌለው ደግሞ ቶሎ ይሳላል፤ ነገር ግን ደም ወይም ሎሚ ነክቶት ካደረ ይዝጋል። የአገራችን ቀጥቃጮች ከመኪና ባሌስትራ የሚሠሩት ካራ ከዚህ ከኹለተኛው ወገን ነው፤ ሠሪው ብረቱን አግሎ በትክክል ካጠነከረው ከውጭ ከሚመጣው ብዙ ቢላዋ አያንስም። ለመመርመር ሞረድ በስለቱ ላይ በቀስታ ማስኬድ ነው። ሞረዱ ከተንሸራተተ ብረቱ ጠንካራ ነው፤ በቀላሉ ከበላው ግን ለስላሳ ነው። በሞተር ሞረድ ሲሳል ስለቱ ሰማያዊ ቀለም ያወጣ ቢላዋ ጥንካሬውን ስላጣ አይገዛም።

እጀታው መዳፍ የሚሞላ ይኹን። የብረቱ ጭራ በእጀታው ውስጥ እስከ መጨረሻው ወይም ቢያንስ ከግማሽ በላይ መግባት አለበት፤ አጭር ጭራ ያለው በጭነት ጊዜ ከሥሩ ይነቀላል። በእጀታውና በስለቱ መካከል ጣትን የሚያግድ ትንሽ ጉብታ ሊኖር ይገባል፤ እጅ በደምና በስብ ሲርስ ወደ ፊት እየተንሸራተተ ስለቱ ላይ ይወጣልና።

አፎቱን ሳይመረምሩ ቢላዋ መግዛት አይገባም። ቢላዋውን ከቶ ወደ ታች ገልብጦ መነቅነቅ ነው፤ የሚወድቅ ከኾነ በጉዞ ላይ ገደል ሲወጡ ይወድቃል፤ ወይም ሰው ይወጋል። የቆዳ አፎት ያማረ ቢኾንም እርጥበት ይይዛል። ስለዚህ ከጉዞ መልስ ቢላዋው ታጥቦ፣ ደርቆ፣ ጥቂት የምግብ ዘይት ተቀብቶ ከአፎቱ ውጭ በጨርቅ ተጠቅልሎ ይቀመጣል፤ አፎቱም ለብቻው በጥላ ይደርቃል።