ለቤትና ለመጋዘን ጥበቃ ካሜራና የመመልከቻ ሞኒተር ስለ መምረጥ

ንብረት ያለው ሰው ሁሉ ጠባቂ ይሻል። ዱሮ የነጋዴው ቤት ጠባቂዎች አጥር፥ ውሻና ዘበኛ ነበሩ፤ ዛሬ በነዚህ ላይ ካሜራ ተጨምሯል። ከትልቁ መጋዘን እስከ ትንሿ ሱቅ፥ እንዲሁም በብዙ መኖሪያ ቤቶች ደጃፍ ላይ የካሜራ ዓይን ተሰቅሎ ይታያል። ዳሩ ግን ካሜራ ሲገዛ አብዛኛውን ጊዜ የሚጠየቀው ዋጋውና ብዛቱ ነው እንጂ ሊሠራው የሚገባው ሥራ አይደለም። ስለዚህ የዚህ ጋዜጣ አንባቢዎች ለራሳቸው ቤት ሲገዙም ሆነ ከውጭ አስመጥተው ለደንበኛ ሲሸጡ ይጠቅማቸው ዘንድ፥ ስለ ካሜራና ስለ ሞኒተር አመራረጥ ጥቂት ትምህርት ከዚህ በታች አቀርባለሁ።

ጉዳዩን እንድመረምር ያነሣሣኝ በምሠራበት ቤት የደረሰ ነገር ነው። በጸሐፊነት የማገለግላቸው ነጋዴ መኖሪያ ቤታቸውና መጋዘናቸው በአንድ ግቢ ውስጥ ናቸው። ከጥቂት ዓመታት በፊት አራት ካሜራዎች ከነመቅጃቸው ተገዝተው ተተከሉ። አንድ ሌሊት በጓሮ አጥር በኩል ሌባ ገብቶ ስድስት ጥቅል ጨርቅ ወሰደ። በማግስቱ ቅጂው ሲታይ ሸክም ያዘለ ሰው ሲያልፍ ይታያል፤ ፊቱ ግን እንደ ጭጋግ ነው። በሥዕሉ ጥግ 02:10 የሚል ተጽፎበታል። ሁላችንም ከምሽቱ 2 ሰዓት ከ10 ደቂቃ ነው ብለን አነበብነው። በዚያ ሰዓት ተረኛ የነበሩት፥ ከምሽቱ 12 ሰዓት እስከ ሌሊቱ 6 ሰዓት የሚጠብቁት ሽማግሌ ዘበኛ ነበሩ። «ጌታዬ፥ በእኔ ተራ በዚህ ግቢ ያለፈ ሰው የለም» ቢሉ፥ «ሥዕሉ እየመሰከረ እንዴት ይክዳሉ?» ተባሉና ከሥራ ተሰናበቱ። የዚህን ነገር ፍጻሜ በቦታው እመለስበታለሁ።

አንደኛ፤ ካሜራው የሚመልሰውን ጥያቄ መወሰን

ካሜራና ሞኒተርን አጣምሮ ለመኖሪያ ቤት ጥበቃ ለማዋል ከታሰቡት የመጀመሪያ ሥራዎች አንዱ የአንዲት አስታማሚ ሐሳብ ነው። ሜሪ ቫን ብሪታን ብራውን በኒው ዮርክ ከተማ በኩዊንስ የምትኖር ሴት ስትሆን፥ በሰፈሯ ወንጀል ስለ በዛና ፖሊስም ቶሎ ስለማይደርስ፥ ከባሏ ከአልበርት ብራውን ጋራ እ.ኤ.አ. በ1966 የባለቤትነት መብት ጥያቄ አቀረበች፤ መብቱም በ1969 ተሰጣቸው። በበሩ ላይ ከፍና ዝቅ ብለው የተበጁ አራት ቀዳዳዎች ነበሩ፤ ካሜራው ወደ ላይና ወደ ታች እየተንቀሳቀሰ በነዚህ ያያል፤ ሥዕሉም መኝታ ቤት ባለው ሞኒተር ላይ ይታያል። ከዚያው ሆኖ እንግዳውን ማነጋገር፥ በሩን መክፈት ወይም የአደጋ ጥሪ ማሰማት ይቻላል።

ከዚህ ሥራ የምንማረው፥ ሴቲቱ የጀመረችው ከዕቃው ሳይሆን «በበሬ የቆመው ማን ነው?» ከሚለው ጥያቄ መሆኑን ነው። ገዢም እንደዚሁ ለያንዳንዱ ካሜራ አንድ ጥያቄ ይስጠው። አንዱ «በግቢው ውስጥ ሰው አለን?» የሚለውን ይመልስ፤ ሌላው «ይህ ሰው ከምናውቃቸው አንዱ ነውን?» የሚለውን፤ ሦስተኛው ደግሞ «ይህ የማናውቀው ሰው ማን ነው?» የሚለውን ይመልስ። አንድ ካሜራ ሦስቱንም እንዲመልስ መጠበቅ ግን አንድን ዘበኛ በሁሉም በር እንዲቆም እንደ ማዘዝ ነው።

ሁለተኛ፤ ፒክስልና ሌንስ

ሥዕል ፒክስል ከሚባሉ ጥቃቅን ነጥቦች የተሠራ ነው። ሻጮች «ባለ 2 ሜጋፒክስል» የሚሉት ካሜራ ወደ ጎን 1920፥ ወደ ታች 1080 ነጥቦች አሉት። ዋናው ነገር የነጥቦቹ ጠቅላላ ቁጥር ሳይሆን ሰውዬው በቆመበት ስፍራ በአንድ ሜትር ስፋት ላይ ስንት ነጥብ እንደሚያርፍ ነው። የዓለም አቀፍ ኤሌክትሮቴክኒክ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2014 ባወጣው መመሪያ፥ ሰው መኖሩን ለማየት በሜትር 25፥ የሚታወቅን ሰው ለመለየት 125፥ የማይታወቅን ሰው ማንነት ለማረጋገጥ 250 ነጥብ እንዲያስፈልግ ወስኖ ነበር። ይህ ልክ ለገዢ ጥሩ መነሻ ነው።

እንግዲህ ሒሳቡን እንመልከት። 1920 ለ250 ሲካፈል ከ7 ሜትር ተኩል ጥቂት ይበልጣል። ይህም ማለት ባለ 2 ሜጋፒክስል ካሜራ ማንነትን ማረጋገጥ የሚችለው፥ በሰውዬው ዘንድ የሚያየው ስፋት ከዚያ የማይበልጥ ሲሆን ብቻ ነው። ስፋቱን የሚወስነው ሌንስ ነው። በብዛት የሚሸጠው የ2.8 ሚሊ ሜትር ሌንስ ወደ 100 ዲግሪ የሚጠጋ ሰፊ ቦታ ስለሚያይ፥ ፊትን በጉልህ የሚያሳየው እስከ 3 ሜትር ያህል ርቀት ነው። የ6 ሚሊ ሜትር ሌንስ ደግሞ ወደ 50 ዲግሪ ያህል ስለሚያይ በ8 ሜትር ርቀት ላይ የሚሸፍነው 7 ሜትር ተኩል ያህል ነው።

የእኛ የጓሮ አጥር ከካሜራው 12 ሜትር ይርቃል። በ2.8 ሚሊ ሜትር ሌንስ በዚያ ርቀት የሚታየው ስፋት ወደ 28 ሜትር ስለ ሆነ፥ በአንድ ሜትር ላይ የሚያርፈው 68 ነጥብ ያህል ብቻ ነበር። ሰው መኖሩን ለማየት ይበቃል፤ ማን መሆኑን ለማወቅ ግን አይበቃም። ካሜራው አልተበላሸም፤ የማይችለውን ጥያቄ ጠየቅነው እንጂ። እንዲሁም ካሜራ በጣም ከፍ ብሎ ከተሰቀለ የሚያሳየው የባርኔጣ አናት ነው፤ ፊት ለማየት ከ2 ሜትር ተኩል እስከ 3 ሜትር ከፍታ ይስማማል።

ሦስተኛ፤ ብርሃንና ሌሊት

ሌሊት ካሜራው በኢንፍራሬድ ጨረር ሲያይ ሥዕሉ ጥቁርና ነጭ ይሆናል፤ የልብስና የመኪና ቀለም አይታወቅም። የሸረሪት ድር፥ አቧራና የቅርብ ግድግዳ ጨረሩን መልሰው ሥዕሉን ያነጡታል። ብርሃን ሲያንስም የሚራመድ ሰው ይደበዝዛል። ብዙ ነጥብ ያለው ካሜራ የብርሃን መቀበያው ትንሽ ከሆነ በጨለማ ከዝቅተኛው ብሶ ሊገኝ ይችላል። ስለዚህ ተጨማሪ ሜጋፒክስል ከመግዛት በፊት በበሩ ላይ አንድ ጥሩ መብራት መትከል ይሻላል።

በቀንም ቢሆን በሩ ሲከፈት ፀሐይ ከሰውዬው በስተኋላ ከሆነች ፊቱ ይጨልማል። ለእንዲህ ያለው ቦታ ብርሃንና ጥላን አስታርቆ የሚያሳይ ካሜራ ይጠየቅ። በአገራችን የኤሌክትሪክ ኃይል 50 ኸርዝ ስለ ሆነ፥ ለ60 ኸርዝ አገር ተስተካክሎ የመጣ ካሜራ በመብራት ሥር ሥዕሉ ሊርገበገብ ስለሚችል ተካዩ ማስተካከያውን ይመልከት። ለውጭ የሚሰቀለው ካሜራ አቧራና ዝናብ የማያስገባ፥ አይፒ 66 የሚል ምልክት ያለው ቢሆን መልካም ነው።

አራተኛ፤ ሞኒተር

ብዙ ሰው በካሜራው ላይ ተጠንቅቆ በሞኒተሩ ላይ ይሰንፋል። 1920 በ1080 ነጥብ ያለው ሞኒተር ለአራት ካሜራ ሲከፈል ለያንዳንዱ የሚደርሰው 960 በ540 ብቻ ነው። ስለዚህ በአራት የተከፈለው ሥዕል እንቅስቃሴን ለመከታተል እንጂ ፊት ለመለየት አይሆንም፤ ለዚያ አንዱን ካሜራ በሙሉው መስተዋት ላይ መክፈት ያስፈልጋል። በጠረጴዛ ላይ አንድ ሜትር ያህል ርቆ ለሚያይ ሰው ከ22 እስከ 24 ኢንች የሆነ ይበቃል። ቀንና ሌሊት ሳይጠፋ የሚሠራ ከሆነ ለማያቋርጥ ሥራ የተሠራ ይመረጥ፤ ያልተለወጠ ሥዕል ለረዥም ጊዜ ሲቆምበት ጠባሳ የሚቀርበት መስተዋት አለና።

ቦታውም ይታሰብበት። በመኖሪያ ቤት ሞኒተሩ በር የሚከፍተው ሰው ከሚቀመጥበት፥ ወይም ሌሊት ከሚተኛበት አጠገብ ይሁን። በሱቅ ደግሞ በመግቢያው ላይ አንድ ሞኒተር ተሰቅሎ ገቢው ራሱን ቢያይ ክፉ ሐሳብን ያበርዳል፤ ነገር ግን የገንዘብ ሣጥኑንና የመጋዘኑን ሥዕል ለአላፊ አግዳሚ ማሳየት አይገባም። መቅጃው ከሞኒተሩ ተለይቶ በተቆለፈ ስፍራ ይቀመጥ፤ ሌባ መቅጃውን ተሸክሞ ከሄደ ምስክሩን ጭምር ሰርቋልና።

አምስተኛ፤ የቅጂ ዘመን፥ ሽቦና ኃይል

አንድ ካሜራ በሴኮንድ 2 ሜጋቢት ቢልክ በቀን 21.6 ጊጋባይት ይሞላል፤ አራት ካሜራ 86.4 ጊጋባይት ይሆናል። 1 ቴራባይት ዲስክ 11 ቀን ተኩል ያህል ብቻ ይይዛል ማለት ነው። ከዚያ በኋላ አዲሱ ቅጂ አሮጌውን እያጠፋ ይጻፋል። የዕቃ ቆጠራውን በወር አንድ ጊዜ የሚያደርግ ነጋዴ ጉድለቱን ሲያውቅ ሥዕሉ ጠፍቶ ይቈየዋል። ስለዚህ የዲስኩ መጠን ከቆጠራው ቀን ጋራ ይመዛዘን።

ሥዕልና ኃይል በአንድነት የሚያሳልፈው የኔትወርክ ኬብል እስከ 100 ሜትር ያገለግላል። በገበያ ከላይ መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም ኬብል ስላለ፥ አስመጪው ጫፉን በቢላዋ ፍቆ ይመልከት፤ ውስጡ ነጭ ከሆነ መዳብ አይደለም። መብራት ሲጠፋ ካሜራውም እንዳይጠፋ ባትሪ ያስፈልጋል። የ12 ቮልት፥ የ7 አምፔር ሰዓት ባትሪ 84 ዋት ሰዓት ይይዛል፤ አራት ካሜራና መቅጃ በአንድነት 40 ዋት ቢበሉ በወረቀት ሁለት ሰዓት፥ በሥራ ላይ ግን ከዚያ ያነሰ ያቈያል።

ስድስተኛ፤ ሰዓትና ቀን

አሁን ወደ ሽማግሌው ዘበኛ ነገር እመለሳለሁ። ከሦስት ቀን በኋላ ቅጂውን እንደ ገና ሳይ፥ መጋዘኑን እኔው ራሴ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ተኩል ስከፍት የሚያሳየው ሥዕል 08:30 ይላል። መቅጃው የሚቈጥረው በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነበር። እንግዲያስ 02:10 የተባለው ከሌሊቱ 8 ሰዓት ከ10 ደቂቃ ነው፤ ሽማግሌው ተራቸውን አስረክበው ከሄዱ ሁለት ሰዓት አልፏቸዋል። በነዚህ መቅጃዎች ቀኑም የሚለወጠው በእኩለ ሌሊት መሆኑን ልብ ማለት ያስፈልጋል። ስለዚህ መቅጃ የተከለ ሰው በዚያው ቀን የእጅ ሰዓቱን ከመቅጃው ጋራ አስተያይቶ፥ የሰዓቱን አቈጣጠር በወረቀት ጽፎ በሞኒተሩ ላይ ይለጥፍ።

ሰባተኛ፤ የይለፍ ቃልና የጎረቤት መብት

ካሜራውን በስልክ ለማየት ከኢንተርኔት ጋራ የሚያገናኝ ሰው ከፋብሪካው የመጣውን የይለፍ ቃል አስቀድሞ ይለውጥ። እ.ኤ.አ. በ2016 ሚራይ የተባለው አጥፊ ፕሮግራም የፋብሪካ የይለፍ ቃላቸው ያልተለወጠ ብዙ ካሜራዎችንና መቅጃዎችን ማርኮ ለጥፋት ሥራ አሰልፏቸው ነበር። እንዲሁም የካሜራው ዓይን ወደ ጎረቤት ግቢ አይመልከት። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 26 የግል ሕይወትን ያስከብራል፤ በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321ም ስለ ሰዎች የግል መረጃ አያያዝ ይደነግጋል።

መደምደሚያ

ከላይ የተባለው ሁሉ ሲጠቃለል፥ ገዢ ዋጋ ከመጠየቁ በፊት፥ ሻጭም ዋጋ ከመናገሩ በፊት አራት ነገር ይታወቅ፤ ማንን ለማየት ነው? በስንት ሜትር ርቀት? በምን ብርሃን? ቅጂውስ ለስንት ቀን ይቈይ? ከተቻለም ካሜራው በሚሰቀልበት ቦታ በሌሊት ተሞክሮ፥ የቤቱ ሰው ራሱ አጥሩ አጠገብ ቆሞ ፊቱ በሞኒተሩ ላይ ይታይ እንደ ሆነ ከተረጋገጠ በኋላ ሒሳቡ ይከፈል። እንዲህ አድርጎ የሚሸጥ ነጋዴ ምናልባት በአንዱ ቀን ጥቂት ካሜራ ይሸጥ ይሆናል፤ ደንበኛው ግን ተመልሶ ይመጣል።

አሠሪዬ እውነቱን ባወቁ ጊዜ ወደ ሽማግሌው ቤት ሄደው ይቅርታ ጠየቁ፤ ያልተከፈላቸውን ደመወዝም ሰጡ። ሽማግሌው ይቅርታውን ተቀበሉ፤ ወደ ሥራው ለመመለስ ግን አልፈቀዱም። ጨርቁ ዋጋ ስለ ነበረው በሌላ ጨርቅ ተተካ። ዛሬ በጓሮው አጥር አጠገብ ባለ 6 ሚሊ ሜትር ሌንስ ካሜራና አንድ መብራት አሉ፤ በሞኒተሩም ግርጌ የሰዓቱን አቈጣጠር የሚናገር፥ በእጄ የጻፍሁት ወረቀት ተለጥፎ ይገኛል።