ከጎዳና ወደ ቤት፦ ሕፃናትን ከቤተ ሰባቸው ጋር ስለ ማገናኘትና በዚያው ስለ ማጽናት

«የጎዳና ተዳዳሪ» በሚለው ስያሜ ሥር ሦስት ዓይነት ሕፃናት ተጠቃለው ይገኛሉ። አንደኛው ቀን ጫማ ሲጠርግ ወይም ማስቲካና ሶፍት ሲያዞር ውሎ ማታ ወደ እናቱ ቤት የሚገባው ነው። ሁለተኛው ከቤተ ሰቡ ተለይቶ በበረንዳና በላስቲክ ሥር የሚያድረው ነው። ሦስተኛው ከነቤተ ሰቡ ጎዳና ላይ የወደቀው ነው። ችግራቸው የተለያየ ስለሆነ መድኃኒቱም አንድ ሊሆን አይችልም። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ስለ ሁለተኛው መናገር ነው።

በስደት ያለን ሰዎች «የተቸገረ ሕፃን» ሲባል ፈጥኖ በዓይነ ኅሊናችን የሚመጣው በ1966 ወይም በ1977 ዓ.ም. ረሀብ ወላጆቹን ያጣው ልጅ ነው። ክብርት ወይዘሮ አበበች ጎበና እ.ኤ.አ. በ1980 ግሸን ማርያምን ተሳልመው ሲመለሱ ሁለት ሕፃናት ይዘው መምጣታቸውና በሰኔ 2013 ዓ.ም. እስካረፉ ድረስ ለብዙዎች እናት መሆናቸው ሁላችንም በአክብሮት የምናነሣው ነው። ስለዚህም እዚህ በሊንደን ተሰብስበን ስለ እርዳታ ስንመካከር አስቀድሞ የሚታሰበን የሕፃናት ማሳደጊያ ማሠራት ነው። ዳሩ ግን ዛሬ በአዲስ አበባ ጎዳናዎች ከሚያድሩት ሕፃናት ብዙዎቹ ወላጅ አልባ አይደሉም፤ እናት ወይም አባት፣ አለዚያም አያት ወይም አክስት አላቸው። ቤት ላለው ልጅ ሌላ ቤት መሥራት ከመጀመሪያው ቤት ይበልጥ ያርቀዋል።

ታዲያ ለምን ይወጣሉ? ምክንያቱ ድህነት ብቻ ቢሆን ኖሮ ከአንድ ደሀ ቤት ወንድማማቾቹ ሁሉ በወጡ ነበር። በድህነቱ ላይ የወላጅ ሞት፣ የእንጀራ አባት ወይም የእንጀራ እናት ጭካኔ፣ ዱላ፣ ከትምህርት መቋረጥ፣ የደላላ ተስፋ ይጨመራል። ከከተማ አዲስ ልብስ ለብሶ የተመለሰ ጓደኛም ልብ ያሸፍታል። ልጁ ከጎጃም ወይም ከወሎ፣ ከወላይታ ወይም ከጉራጌ ተሳፍሮ አውቶቡስ ተራ ይወርዳል። ከዚያ በኋላ ብርዱንና ረሀቡን ለመርሳት ማስቲሽ ማሽተት ይለምዳል።

ልጅ ከቤት መውጣቱ በአገራችን እንግዳ ነገር እንዳልሆነ የታወቀ ነው። የቆሎ ተማሪ ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ፣ በእንተ ስማ ለማርያም እያለ ይለምን ነበር። ነገር ግን የሚጠይቀው መምህር፣ የሚያድርበት ጎጆ፣ የሚያውቀው መንደር ነበረው። የጎዳናው ልጅ ከእንጀራው ይልቅ የጎደለው «የማን ልጅ ነህ?» ብሎ የሚጠይቀው ሰው ነው።

ሕጉም ይህንኑ ይደግፋል። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ሕፃን ወላጆቹን ወይም በሕግ የማሳደግ መብት ያላቸውን ሰዎች የማወቅና የእነሱን እንክብካቤ የማግኘት መብት እንዳለው ይደነግጋል። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1991 የተቀበለችው የሕፃናት መብቶች ስምምነት ደግሞ በሚመለከተው ነገር ሁሉ የልጁ ሐሳብ እንዲሰማ ያዛል። ስለዚህ በአፈሳ ሰብስቦ በመኪና መመለስ «ማገናኘት» ሊባል አይገባውም። በግድ የተመለሰ ልጅ መንገዱን ያውቀዋልና በሚቀጥለው አውቶቡስ ይመጣል።

ትክክለኛው ሥራ በአራት ደረጃ ይከናወናል።

አንደኛ፣ ሠራተኛው ልጁ ባለበት ጎዳና እየተመላለሰ አመኔታውን ያገኛል። ልጆች በመጀመሪያ እውነተኛ ስማቸውን እንኳ ላይናገሩ ይችላሉ።

ሁለተኛ፣ ልጁ ለአጭር ጊዜ በማረፊያ ቤት ይቆያል፤ ይታከማል፣ ሱሱን ይተዋል፣ ለምን እንደወጣ ይናገራል። ይህ ቆይታ ከረዘመ ማረፊያው ራሱ ማሳደጊያ ይሆናል።

ሦስተኛ፣ ቤተ ሰቡ ይፈለጋል። የወረዳውን ስም የማያውቅ ሕፃን የአጥቢያውን ታቦት፣ የገበያውን ቀን፣ የወንዙን ስም ያውቅ ይሆናል፤ በእነዚህ ቤቱ ይገኛል። ሠራተኛው ልጁን ከመውሰዱ በፊት ቤቱን አይቶ፣ ሽማግሌዎችን ይዞ፣ ያጣላቸውን ነገር ያስታርቃል። ቤቱ ለልጁ አደገኛ ሆኖ ከተገኘ አያት ወይም አክስት ይፈለጋሉ።

አራተኛና እጅግ የሚዘነጋው ክትትል ነው። በወንጌል በተነገረው የጠፋው ልጅ ታሪክ አባቱ ሮጦ ተቀበለው፤ ታላቅ ወንድሙ ግን ተቆጥቶ አልገባም አለ። የዛሬውም ተመላሽ በበሩ ላይ የደስታ እንባ ይቀበለዋል፤ ከጥቂት ወራት በኋላ ግን የምግቡ ማነስ፣ የወንድሞቹ ቅሬታ፣ «ዱርዬ» የሚለው የጎረቤት ስድብ ይጀምራል። ስለሆነም ሠራተኛው ደጋግሞ ሊጠይቀው፣ ልጁ ትምህርት ቤት ሊገባ፣ እናቲቱም ለጥቂት በጎች ወይም ለጉልት ንግድ መነሻ ልታገኝ ያስፈልጋል። እድሩና የንስሐ አባቱ ነገሩን ቢያውቁት ልጁ የሚጠብቀው ዓይን ይበዛለታል።

ይህ በአገራችን የተሞከረ ነው። ከ1977ቱ ረሀብ በኋላ ወላጅ አልባ ሕፃናትን ለማሳደግ የተቋቋመው የኢየሩሳሌም የሕፃናት ድርጅት ከጊዜ በኋላ ልጆቹን ከዘመዶቻቸው ጋር ወደ ማገናኘትና ማኅበረ ሰቡን ወደ ማገዝ ተሸጋግሯል። በጥር 2010 ዓ.ም. ደግሞ ፓርላማው ኢትዮጵያውያን ሕፃናት ለውጭ አገር ጉዲፈቻ እንዳይሰጡ ስለከለከለ፣ በአገር ውስጥ ያለውን ቤተ ሰብ ማጠናከር ይበልጥ ግዴታ ሆኗል። በትግራይና በአማራ የደረሰው ጦርነት ቤት አፍርሶ፣ መንገድ ዘግቶ ሥራውን እጅግ ማክበዱም አይዘነጋም።

በምንኖርበት በኮሎምበስም ሐሳቡ አዲስ አይደለም። ከ1970 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለው ሀክልቤሪ ሀውስ ከቤት የወጡ ወጣቶችን አሳርፎ ከቤተ ሰባቸው ጋር ያነጋግራል። ከልጁ ጋር በቋንቋና በባህል የተራራቀ ወላጅ በመካከላችን ቢኖር፣ ይህን በጊዜ ማወቁ ይጠቅመዋል።

እንግዲህ ገንዘባችንን ከመስጠታችን በፊት ሦስት ነገሮችን እንጠይቅ። የምንረዳው ድርጅት የልጁን ቤተ ሰብ ፈልጓልን? ልጁ ራሱ ተጠይቋልን? ከተመለሰስ በኋላ በዓመቱ ማን ሄዶ ያየዋል? ለሦስተኛው ጥያቄ መልስ ያለው ድርጅት ሕንፃ ባይኖረውም እርዳታችን ይገባዋል። አገር ቤት ያለች አንዲት እኅታችን ልጇን ከትምህርት ቤት ልታስወጣ ስትል ደብተሩንና ቀለቡን የምንችልላት ከሆነ ደግሞ፣ ልጁ አውቶቡስ ተራ ሳይደርስ እቤቱ አስቀረነው ማለት ነው።