«ዘመኑ ነው» ማለት ይበቃልን?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።



ስለ ጥንት ነገሥታት የተጻፈ ታሪክም ሆነ ልብ ወለድ ስናነብ ልባችን የሚከተለው ጀግናውን ነው። እርሱ ሲዘምት አብረን እንዘምታለን፤ ሲነግሥ ደስ ይለናል። እግሩን የሚያጥበው፣ ፈረሱን የሚይዝለት፣ ስሙ እንኳ የማይነገረው ባሪያ ግን ከታሪኩ ጥግ ቆሞ ይቀራል። «ይህስ ሰው ከየት መጣ? ማን ሸጠው?» የሚል ቢገኝ መልሳችን «ዘመኑ ነው» የሚል ነው። ይህ መልስ ይበቃ እንደ ሆነ እንመርምር።

በሮማውያን ሕግ ባሪያ እንደ ንብረት ይቆጠር ነበር። ይሸጣል፣ ይወረሳል፣ ይከራያል፤ ጋብቻው በሕግ ፊት አይጸናም፤ ባሪያይቱ የወለደችውም ልጅ የጌታዋ ሀብት ነው። በዚያ ዘመን የተወለደ ሰው ባርነትን እንደ ክረምትና በጋ የማይቀር ነገር አድርጎ ቢያየው አያስደንቅም። እንግዲህ «ዘመኑ ነው» የሚለው ቃል ሰዎች ክፋቱን ለምን እንዳላዩ ያስረዳል። ነገር ግን ማስረዳት ሌላ፣ ከበደል ነጻ ማድረግ ሌላ ነው። በዚያው በጥንቱ ዘመን ክፋቱን ያዩ ነበሩና።

አንደኛ፤ የግሪኩ ፈላስፋ አርስቶትል ከክርስቶስ ልደት በፊት በ4ኛው መቶ ዓመት፣ አንዳንድ ሰዎች በተፈጥሯቸው ባሮች ናቸው ብሎ ጽፏል። ሆኖም «ፖለቲካ» በተባለው በዚያው መጽሐፉ፣ ባርነት በኃይል የመጣ እንጂ የተፈጥሮ ስላልሆነ ፍትሕ የለውም የሚሉ ሰዎች መኖራቸውን ራሱ ይመሰክራል።

ሁለተኛ፤ የኦሪት ሕግ ባርነትን ፈጽሞ ባያስቀርም ወሰን አበጅቶለታል። ሰው ሰርቆ የሸጠ በሞት እንዲቀጣ (ዘጸ. 21፥16)፣ ከጌታው ኮብልሎ የመጣም ባሪያ ተላልፎ እንዳይሰጥ (ዘዳ. 23፥15) ያዝዛል።

ሦስተኛ፤ ቅዱስ ጳውሎስ ታስሮ ሳለ ለፊልሞና የጻፈው መልእክት አለ። አንድ ምዕራፍ፣ 25 ቁጥር ብቻ ነው። የፊልሞና ባሪያ የነበረው አናሲሞስ ከጌታው ተለይቶ ወደ ሐዋርያው መጥቶ አመነ። ስሙ በግሪክ «ጠቃሚ» ማለት ነው፤ ለሰው ሳይሆን ለዕቃ የሚስማማ ስም ነው። ሐዋርያው ይህን ሰው ልጄ ብሎ ይጠራዋል፤ ፊልሞናም ከባሪያ በላይ፣ እንደ ተወደደ ወንድም አድርጎ እንዲቀበለው ይለምነዋል፤ ዕዳም ቢኖርበት ከራሱ እንዲቈጠር ይጽፋል። እርግጥ ነው፣ በግልጥ ቃል «ነጻ አውጣው» አላለም። በዚህም ምክንያት በ19ኛው መቶ ዓመት በአሜሪካ የነበሩ የባሪያ ጌቶች የኮበለለውን ለመመለስ ይህንኑ መልእክት ይጠቅሱ ነበር። ነገር ግን ልብ እንበል፤ በፊልሞና ቤት ቤተ ክርስቲያን ነበረች። ከአንድ ማዕድ የሥጋ ወደሙን ምሥጢር አብሮት የሚቀበለውን ወንድሙን በማግሥቱ ገበያ አውጥቶ ሊሸጠው እንዴት ይችላል? ጥቅሱን ለራሳቸው የጠቀሱት ሰዎች ያልመለሱት ጥያቄ ይህ ነው።

አራተኛ፤ በ4ኛው መቶ ዓመት የነበረው ቅዱስ ጎርጎርዮስ ዘኑሲስ መጽሐፈ መክብብን ሲተረጕም፣ ወንዶችና ሴቶች ባሮችን ገዛሁ ከሚለው ቃል (መክ. 2፥7) ሲደርስ ቆሞ ጌቶችን ይጠይቃል። ሰው በእግዚአብሔር አርአያ ከተፈጠረ ዋጋውን ማን ይተምናል? ሻጩስ ማን ነው? ምድርን ሁሉ እንዲገዛ የተሾመውን ፍጡር በጥቂት ገንዘብ ገዛሁ የሚል፣ በውሉ ወረቀት ላይ ከተጻፈው በቀር ምን አተረፈ? ጌታም ባሪያም አንድ አየር ይተነፍሳሉ፤ አንድ ሕመም ያማቸዋል፤ ሲሞቱም አንድ አፈር ይሆናሉ። ጎርጎርዮስ ይህን ሲሰብክ ባርነት በሕግ የጸና ነበር። ከጥንት ሊቃውንት ነገሩን እንዲህ ከሥሩ የነቀፈ ብዙ አይገኝም፤ አንድ ሰው ማየት ከቻለ ግን ማየት ይቻል ነበር ማለት ነው።

ወደ አገራችንም እንመለስ። ፍትሐ ነገሥት በ31ኛው አንቀጽ፣ ሰው ሁሉ በተፈጥሮ ሕግ ነጻ መሆኑን፣ ወደ ባርነት ያገባውም ጦርነት መሆኑን ይገልጣል፤ ይሁን እንጂ ባርነትን አልሻረም። ስለዚህም ቃሉ በመጽሐፍ ተጽፎ ሳለ በደቡብና በምዕራብ የባሪያ ፍንገላ ብዙ ዘመን ቆየ። ኢትዮጵያ በ1916 ዓ.ም. የመንግሥታት ማኅበር አባል ሆነች፤ በዚያው ዓመት ባሮች ቀስ በቀስ ነጻ የሚወጡበት አዋጅ ወጣ፤ ባርነት በሕግ ፈጽሞ የተከለከለው በ1934 ዓ.ም. ነው። ሕጉ ቢሻርም ቃሉ አልተሻረም፤ ዛሬም «ባሪያ» የሚለው ስም መልኩ የጠቈረውን ወንድማችንን ለማዋረድ ሲነገር ይሰማል።

ወንድሞችና እኅቶች፤ የጥንቱን ሰው መውቀስ ቀላል ነው፤ እርሱ ሞቷልና አይመልስልንም። ከባዱ፣ እኛ ዛሬ «ልማድ ነው» ብለን የምናልፈውን ማየት ነው። በቤታችን የምታገለግለው ልጅ ባሪያ አይደለችም፤ ደመወዝ አላት፤ መሄድም ትችላለች። ነገር ግን የአባቷን ስም እናውቃለንን? የምትበላው ከእኛ የተረፈውን ነውን? እኛ ነጠላችንን ለብሰን ወደዚህ ጉባኤ ስንመጣ እርሷ እሑድ የምታስቀድስበት ሰዓት አላትን? አናሲሞስን ወንድም ብሎ መቀበል ለፊልሞና የሚጀምረው ከገዛ ቤቱ ደጃፍ ነበር፤ ለእኛም እንዲሁ ነው።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. «ዘመኑ ነው» የሚለው መልስ ምኑ እውነት፣ ምኑ ማመካኛ ነው?
2. ፊልሞና መልእክቱን ካነበበ በኋላ አናሲሞስን እንደ ቀድሞው ባሪያ አድርጎ ሊያኖረው ይችል ነበርን?
3. የልጅ ልጆቻችን «እንዴት አላያችሁም?» ብለው የሚጠይቁን ነገር ምን ይሆን?

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።