ከጥምቀት እስከ ዕረፍት የሚያደርሰን ጸጋ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።



በፍኖተ ሰላም፣ በቡሬና በዙሪያቸው ባሉ የገጠር አጥቢያዎች፣ እንደ ሌላው የሀገራችን ክፍል ሁሉ፣ ወንድ ልጅ በ40፣ ሴት ልጅ በ80 ቀን ተጠምቀው ሥጋውንና ደሙን ይቀበላሉ። ለአቅመ አዳምና ለአቅመ ሔዋን ሲደርሱ ግን ብዙዎቹ ከቅዱስ ቁርባን ይርቃሉ፤ የሚመለሱትም ጠጉራቸው ከሸበተ በኋላ ነው። ትዳር የሚመሠረትበት፣ ልጅ የሚያድግበትና ፈተና የሚበዛበት ረጅም ዘመን ከምሥጢራቱ ተለይቶ ያልፋል። ይህ ትምህርት ስለዚያ ዘመን የተዘጋጀ ነው።

ጸጋ ምንድን ነው?

ጸጋ «ጸገወ» ከሚለው የግእዝ ግሥ የወጣ ሲሆን ያለ ዋጋ የሚሰጥ ስጦታ ማለት ነው። ቅዱስ ጳውሎስ መዳናችን የእግዚአብሔር ስጦታ እንደ ሆነ ካስተማረ በኋላ፣ ለመልካም ሥራ እንደ ተፈጠርን ያስከትላል (ኤፌ. 2፥8-10)። ስጦታው ይቀድማል፤ የእኛ ሥራ ስጦታውን ተቀብሎ መኖር ነው። ሐዋርያው ራሱ ከሁሉ ይልቅ እንደ ደከመ ተናግሮ፣ ድካሙን ከእርሱ ጋር ላለው ጸጋ ሰጥቷል (1ኛ ቆሮ. 15፥10)።

የማይደገሙና የሚደገሙ ምሥጢራት

ቤተ ክርስቲያናችን ከ7ቱ ምሥጢራት ጥምቀት፣ ሜሮን፣ ክህነትና ተክሊል እንደማይደገሙ፣ ንስሐ፣ ቁርባንና ቀንዲል ግን እንደሚደገሙ ታስተምራለች። ልጅነት አንድ ጊዜ ይሰጣል፤ የወደቀውን ማንሣት፣ የተራበውን መመገብ፣ የታመመውን መፈወስ ግን ዕድሜ ልክ ያስፈልጋል። ይህን ገበሬው ከማሳው ያውቀዋል። በቆሎ በመጀመሪያው ዝናብ ቢበቅልም፣ አበባ አውጥቶ ፍሬ በሚይዝበት ጊዜ ዝናቡ ቢቋረጥበት አገዳው ቆሞ ፍሬው ይመክናል። በጥምቀት የበቀለ ክርስቲያንም በብርታቱ ዘመን ከንስሐና ከቁርባን ሲለይ እንዲሁ ነው።

«አልበቃሁም» ለሚሉ

ብዙዎች የሚርቁት ንቀት ይዟቸው አይደለም፤ «ወጣት ነኝ፤ ብወድቅስ?» ብለው ይፈራሉ። ፍርሃቱ የሚከበር ነው፤ ሐዋርያውም ሰው ራሱን እንዲመረምር አዝዟል (1ኛ ቆሮ. 11፥28)። ያዘዘው ግን መርምሮ እንዲቀርብ እንጂ መርምሮ እንዲቀር አይደለም። ሳይዘጋጁ መቅረብ ድፍረት እንደ ሆነ ሁሉ፣ ንስሐን ለእርጅና ማቆየትም ነገን የራስ አድርጎ መቁጠር ነው፤ ሁሉም እስኪሸብት አይቆይምና። መንገዱ የንስሐ አባትን ማማከር፣ ቀኖናን መፈጸም፣ ከዚያም በአባት ፈቃድ መቅረብ ነው።

የሰበካ ጉባኤ ድርሻ

ቅዱስ ጴጥሮስ እያንዳንዱ በተቀበለው ጸጋ ሌላውን እንዲያገለግል ያዝዛል (1ኛ ጴጥ. 4፥10)። የመበለቲቱን እርሻ በደቦ ማረስ፣ የአብነት ተማሪውን መመገብ፣ የተጣሉትን ማስታረቅ የጸጋው ፍሬዎች ናቸው። ፍኖተ ሰላም «የሰላም መንገድ» ማለት ነው፤ ካህኑ ዘካርያስም እግሮቻችን ወደዚህ መንገድ እንዲቀኑ በትንቢቱ ተናግሯል (ሉቃ. 1፥79)። መንገድ መነሻና መድረሻ ብቻ የለውም፤ መካከሉም በጸጋው ይታለፋል።

ለውይይት

1. በአጥቢያችን የንስሐ አባት የሌላቸው ወጣቶችና ባለትዳሮች እነማን ናቸው?
2. በሰንበቴና በጽዋ ማኅበር ይህ ትምህርት እንዴት ይሰጥ?
3. ከሚቀጥለው ጾም በፊት የትኞቹን ቤተሰቦች እንጎብኝ?

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።