ክረምቱ በጥር የሆነ አገር፤ ስለ ካሊፎርኒያ ጠረፍ አትክልትና ስለ ወራቱ



እኛ ክረምት ስንል ሐምሌንና ነሐሴን እናስባለን። ደመናው ይከብዳል፤ ወንዙ ይሞላል፤ መስከረም ሲጠባም አደይ አበባ ሜዳውን ታለብሰዋለች። ይህን ቅደም ተከተል ከሕፃንነታችን ጀምሮ ስለምናውቀው ዓለም ሁሉ እንዲሁ የሚሄድ ይመስለናል። ነገር ግን ዝናሙ በኅዳር ጀምሮ በመጋቢት የሚያበቃ፥ በሐምሌና በነሐሴ ግን ምድሩ ደርቆ የሚሰነጠቅ አገር አለ። ይኸውም በአሜሪካ ምዕራብ፥ በፓሲፊክ ውቅያኖስ ዳር የተዘረጋው የካሊፎርኒያ ጠረፍ ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የዚያን አገር ዕፅዋትና የአትክልተኛውን ወራት በአጭሩ ገልጦ፥ አትክልተኛ ከሁሉ አስቀድሞ የአገሩን ዝናም ማወቅ እንደሚገባው ማስረዳት ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር፥ ወሮቹ ግን በእኛ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።)

፩. የአየሩ ጠባይ

እንዲህ ያለ አየር በዓለም ላይ በ5 ስፍራ ይገኛል። እነርሱም የሜዲተራኒያን ባሕር ዙሪያ፥ ካሊፎርኒያ፥ የቺሌ መካከለኛ ክፍል፥ የደቡብ አፍሪካ ኬፕ፥ የአውስትራሊያም ደቡብና ደቡብ ምዕራብ ዳርቻ ናቸው። አምስቱ ተደምረው ከዓለም የብስ 2 ከመቶ ያህል ቢሆኑ ነው። ነገር ግን ከዓለም የዕፅዋት ዓይነት አንድ አምስተኛ ያህሉ በእነዚሁ ይበቅላል።

ምክንያቱ ይህ ነው። በበጋ ከባድ የአየር ግፊት በሰሜን ፓሲፊክ ላይ ተኝቶ ዝናም አዘሉን ነፋስ ወደ ሰሜን ይመልሰዋል። ፀሐይ ወደ ደቡብ ስታዘነብል ያ ግፊት አብሯት ይወርዳል፤ መንገዱም ተከፍቶ ዝናሙ ይገባል። ባሕሩ ቀዝቃዛ ስለ ሆነ የጠረፉ በጋ አያቃጥልም፤ በሳን ፍራንሲስኮ እንዲያውም ከሐምሌ ይልቅ መስከረም ይሞቃል። የዓመቱ ዝናም በሳን ዲዬጎ 250 ሚሊ ሜትር፥ በሎስ አንጀለስ 370፥ በሳን ፍራንሲስኮ 580 ያህል ነው። የአዲስ አበባ ከ1,100 እንደሚበልጥ ስናስብ ልዩነቱ ግልጥ ይሆናል።

እዚህ ላይ ስለ ቃሉ ጥቂት እንበል። በትምህርት ቤት የፈረንጁን የብርድ ወራት ክረምት፥ የሙቀቱን ወራት በጋ ብለን እንተረጕማለን። ለለንደን ይህ ትርጕም አይስማማም፤ እዚያ ዝናሙ ዓመቱን ሙሉ የተከፋፈለ ነውና። ለካሊፎርኒያ ግን ልክ ሆኖ ይገኛል። ክረምታቸው በእውነት የዝናም፥ በጋቸውም በእውነት የድርቅ ወራት ነው። ከእኛ የሚለየው ወሩ ነው።

፪. ዕፅዋቱ በጋውን የሚያልፉበት መንገድ

በካሊፎርኒያ ከ5,000 የሚበልጡ አገር በቀል ዕፅዋት አሉ፤ ከእነርሱም ሲሶ ያህሉ በሌላ አገር አይገኙም። ብዙዎቹ የሚፈተኑት በብርድ ሳይሆን በድርቅ ስለ ሆነ፥ ድርቁን በ4 መንገድ ሲያልፉት እናያለን።

ሀ) በዘር ወይም በሥር ተደብቆ ማለፍ። የዚህ ምሳሌ የካሊፎርኒያ ፖፒ ናት። አራት ቅጠል ያላት ብርቱካን መልክ አበባ ስትሆን፥ ፀሐይ ስትጠልቅና ሰማዩ ሲደምን ትከደናለች። ዝናሙ ሲመጣ በቅላ ከየካቲት እስከ ግንቦት ኮረብታውን ታለብሳለች፤ በጋ ሲገባ ግን ከምድር በላይ ያለው አካሏ ይደርቃል። እንደ አደይ አበባ ዝናሙን ተከትላ ትወጣለችና ለእኛ እንግዳ አትሆንም። ሻሚሶ የተባለው የሥነ ዕፅዋት ሊቅ በ1816 ሩሪክ በተባለች የሩሲያ መርከብ ሳን ፍራንሲስኮ ደርሶ አያት፤ በ1820ም ስሟን አወጣላት። በ1903 የካሊፎርኒያ ግዛት አበባ እንድትሆን በሕግ ተወሰነ።

ለ) ቅጠልን በበጋ ማራገፍ። ሴጅብራሽ የተባለው ግራጫ ቁጥቋጦ የእኛ የአሪቲና የጭቁኝ ዘመድ ነው፤ ሲያሹት የሚሰጠው ሽታ ዝምድናውን ይመሰክራል። በሐምሌ ያየው ሰው የሞተ እንጨት ይመስለዋል፤ ነገር ግን ተኝቷል። የመጀመሪያው ዝናም ሲያገኘው እንደገና ይለመልማል።

ሐ) ቅጠልን አወፍሮ ሥርን ማጥለቅ። ማንዛኒታ፥ ሲያኖተስ፥ ቶዮንና የጠረፉ ኦክ ከዚህ ወገን ናቸው። ቅጠላቸው ትንሽና ጠንካራ ስለ ሆነ ውሃቸውን በቶሎ አይለቁም። ማንዛኒታ ማለት በእስፓኝ ቋንቋ ትንሽ ፖም ማለት ሲሆን፥ ቅርፊቱ ቀይና ለስላሳ ነው። ሲያኖተስ በሥሩ ላይ በሚኖሩ ረቂቅ ሕዋሳት ረዳትነት ከአየር ናይትሮጅን ስለሚወስድ በደሃ አፈር ያድጋል። የኦክ ፍሬ ደግሞ ኦሎኔና ቹማሽን ለመሰሉት የጥንት ባለአገሮች እንጀራቸው ነበር። ፈጭተው፥ መራራውን በውሃ አጥበው፥ እንደ ገንፎ አብስለው ይበሉት ነበር።

መ) ጉምን መጠጣት። ሬድውድ የተባለው ዛፍ በሰሜኑ ጠረፍ ይበቅላል። ከእነርሱ ረጅሙ ከ115 ሜትር በላይ ስለ ሆነ በዓለም ላይ ካሉት ዛፎች ሁሉ ይበልጣል። በበጋ ከባሕሩ የሚነሣውን ጉም በቅጠሉ ይይዛል፤ የተያዘውም ተንጠባጥቦ ሥሩን ያጠጣል። በጥናት እንደ ታወቀው ጫካው በዓመት ከሚያገኘው ውሃ ሲሶ ያህሉ ከጉም ሊሆን ይችላል።

፫. የአትክልተኛው ወራት

ጥቅምትና ኅዳር፤ አፈሩ ገና ሙቀት ሳለ ዝናሙ ስለሚጀምር ችግኝ የሚተከልበት ዋና ጊዜ ነው። ጉድጓዱ ከሥሩ ቁመት አይጥለቅ፤ ፍግ አይጨመርበት። የፖፒ ዘር በዚሁ ጊዜ ይበተናል፤ ሥሯ ቀጥ ብሎ ስለሚወርድ ከቦታ ወደ ቦታ መዛወር አትወድም።

ታኅሣሥና ጥር፤ ማንዛኒታ ያብባል፤ የቶዮን ፍሬ ቀልቶ ወፎችን ይመግባል። የአትክልተኛው ሥራ አረም መንቀል ነው።

ከየካቲት እስከ ሚያዝያ፤ ሲያኖተስ ሰማያዊ አበባውን ያወጣል፤ ፖፒዋም ትፈነዳለች።

ግንቦትና ሰኔ፤ ቶዮን ነጭ አበባ ያብባል፤ የበሰለው ዘር ይለቀማል።

ከሐምሌ እስከ መስከረም፤ አብዛኛው ያርፋል። የካሊፎርኒያ ፉክሲያ ግን በዚያ ድርቅ መካከል ቀይ አበባዋን አውጥታ፥ ሀሚንግበርድ የተባለችውን ማር መጣጭ ትንሽ ወፍ ትመግባለች።

፬. ደግ እጅ የሚያደርሰው ጉዳት

እንበልና አንድ ሰው ሲያኖተስ ተከለ። በሐምሌ ቅጠሉ ደብዘዝ ሲልበት አዝኖ በየማታው ውሃ አጠጣው። አፈሩ ሲሞቅና ሲርስ ፋይቶፍቶራ የተባለው የሥር በሽታ ይስፋፋል። ሥሩ ሲበሰብስ ውሃ መሳብ ስለማይችል ቅጠሉ ይጠወልጋል፤ ሰውየውም የጠማው መስሎት ውሃውን ያበዛዋል። ተክሉ በጥቂት ጊዜ ውስጥ ይሞታል። ብዙ ዘመን የቆየ ኦክ እንኳ ከሥሩ ሣር ተተክሎ በበጋ ዘወትር ሲጠጣ በዚሁ ዓይነት ሕመም ይወድቃል። አዲስ ችግኝ በመጀመሪያው አንድ ወይም ሁለት በጋ ውሃ ያስፈልገዋል፤ እርሱም አልፎ አልፎ፥ ነገር ግን ጠልቆ የሚገባ መሆን አለበት። ሥር ከያዘ በኋላ ዕረፍቱን ማክበር ነው።

፭. እንግዳ ሣርና እንግዳ ዛፍ

ወደ ካሊፎርኒያ የገቡት ሰፋሪዎች ዝናም በማይቋረጥበት አገር የለመዱትን አረንጓዴ ሣር በየደጃፋቸው ተከሉ። በዚህም ምክንያት ከመኖሪያ ቤት ውሃ ግማሽ ያህሉ ለግቢ ማጠጫ ሲውል ኖሯል። ከ2012 እስከ 2016 በደረሰው ጽኑ ድርቅ፥ የግዛቱ ገዥ በ2015 ከተሞች የውሃ ፍጆታቸውን በ25 ከመቶ እንዲቀንሱ አዘዘ። ያን ጊዜ ብዙ ሰው ሣሩን ነቅሎ አገር በቀሉን መፈለግ ጀመረ።

ይህን አስቀድሞ የተረዳ ሰው ነበር። ቴዎዶር ፔይን በ1893 ከእንግሊዝ አገር መጥቶ በሎስ አንጀለስ የችግኝ ነጋዴ ሆነ። የሜዳው አበባ በሕንፃና በእርሻ ሲጠፋ አይቶ ዘር መልቀም ጀመረ፤ በ1963 እስኪሞት ድረስም ከ400 በላይ አገር በቀል ዓይነቶችን ለአትክልተኞች አስተዋወቀ። ልብ በሉ፤ ባለአገሩ የናቀውን ያከበረው እንግዳው ነበር።

ባሕር ዛፍም ከአውስትራሊያ በ1850ዎቹ ካሊፎርኒያ ገባ፤ ወደ እኛም በ1890ዎቹ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን መጥቶ የአዲስ አበባን የማገዶ ችግር አቃለለ። በኦክላንድ ኮረብቶች ግን በ1991 እሳት ተነሥቶ 25 ሰዎች ሲሞቱ፥ ዘይታም ቅጠሉና የረገፈው ቅርፊቱ እሳቱን ካባባሱት ነገሮች አንዱ ነበር። ዛፉ በሁለቱም አገር ያው ነው፤ ጥቅሙና ጉዳቱ የሚወሰነው በተተከለበት ስፍራና በሚደረግለት ጥበቃ ነው።

፮. ለእኛ የሚሆን ትምህርት

በአገራችን 6,000 ያህል የዕፅዋት ዓይነት ሲኖር፥ 10 ከመቶ ያህሉ በሌላ አገር አይገኝም። ነገር ግን የግቢያችንን አትክልት ከውጭ በመጣ መጽሐፍ ወር የምንተክል ከሆነ፥ በሐምሌ ሲያኖተስን ካጠጣው ሰው አንሻልም። አባቶቻችን «ያገሩን ሠርዶ ባገሩ በሬ» ያሉት ለዚህም ይሠራል። እንግዳውን መጥላት አያስፈልግም፤ የራስን ሳያውቁ መቅረት ግን ያሳፍራል።

ለውይይት የሚሆኑ ጥያቄዎች፤

1. በግቢያችን ካሉት ዛፎች ስንቱ አገር በቀል ናቸው? ኮሶን፥ ዝግባንና ወይራን በቅጠላቸው ለይተን እናውቃለን?

2. የእኛ ዕፅዋት ከጥቅምት እስከ ግንቦት ያለውን ደረቅ ወራት በየትኛው መንገድ ያልፋሉ?

3. የየአውራጃችን ገበሬ ችግኝ የሚተክለው በየትኛው ሳምንት ነው? ምክንያቱንስ ጠይቀነው እናውቃለን?