ነብሩ ይጾማልን?

ባለፈው ዓመት ከእኛ ጋር በአንድ ክፍል ያድር የነበረ ጓደኛችን አባቱ ከሞቱ በኋላ ሁለት ወር ሙሉ ሳያውቅ ቆየ። ቤተ ሰቦቹ ነገሩን የሸሸጉት በክፋት አልነበረም፤ እንደ አገራችን ልማድ ልጁ የዓመቱን ፈተና እስኪጨርስ ድረስ መርዶው እንዲቆይ ሽማግሎች ስለ መከሩ ነው። ፈተናው ሲያልቅ ከአርባ ምንጭ ተነሥቶ ወደ ዶርዜ ወጣ፤ ያንን ሌሊት ከአጎቱ ቤት አሳደሩት፤ ሊነጋጋ ሲል ጎረቤቱ ሁሉ ተሰብስቦ መጣና ተረዳ።

ከኀዘኑ ተመልሶ ሲመጣ የነገረን ነገር ይህን ጽሑፍ ለመጻፍ ምክንያት ሆኖናል። «እነዚያን ሁለት ወራት ደስ ብሎኝ ነበር የኖርሁት» አለን። «ሲቀላ ወርደን ሻይ ስንጠጣ ከሁላችሁ ይልቅ የምስቀው እኔ ነበርሁ። ደስታዬ የቆመው ባለማወቄ ላይ ነበር። እንግዲህ የሌላው ሰው ደስታ ከዚህ በምን ይለያል? ሁላችንም እንሞታለን፤ የምንሠራው ሁሉ ይጠፋል፤ ለምን እንደ መጣንም የሚነግረን የለም። ይህን እያወቀ የሚስቅ ሰው ካለ፣ መርዶው እንዳይሰማው ጆሮውን የደፈነ ሰው ነው።» ቀጥሎም ለመስቀል ወደ አገሩ እንደማይወጣ ነገረን። በልብ ባዶነት ይዞ ከዘመድ ጋር እየበሉ መሳቅ ራስን መሸንገል ነው አለ።

በዚህ ነገር ብዙ ሌሊት ተከራክረናል፤ መብራት ሲጠፋም በጨለማ ቀጥለናል። የክርክራችንን ፍሬ ለአንባቢዎቻችን ለማቅረብ የደፈርነው ነገሩ የእሱ ብቻ ስላልመሰለን ነው። በዚህ ዓይነት አሳብ ተይዞ ትምህርቱን የዘነጋ፣ አንዳንዴም ከአልጋው የሚነሣበትን ምክንያት ያጣ ተማሪ ከመካከላችን እንዳለ እናውቃለን።

አስቀድመን አንድ ነገር እንለይ። ሕይወት ትርጉም የለውም የሚለውን አሳብ ሁላችንም አልተቀበልነውም፤ ከእኛ የሚበዙት ሰው ለዓላማ እንደ ተፈጠረ ያምናሉ። ይሁን እንጂ ኀዘንተኛን «እመን» ብሎ ማለፍ ለጥያቄው መልስ ሊሆን አይችልም። ስለዚህ ለክርክሩ ያህል እሱ እንዳለው ይሁን፤ ሕይወት ከላይ የተሰጠው ትርጉም የለውም እንበል። እንዲህ ከሆነ ሰው ደስ ብሎት ለመኖር የግድ ራሱን ማታለል ያስፈልገዋልን?

ያስፈልገዋል የሚሉ አሉ። የኖርዌዩ ደራሲ ሄንሪክ ኢብሰን እ.ኤ.አ. በ1884 ባሳተመው «የዱር ዳክዬ» በተባለው ቴአትር ውስጥ አንድ ሐኪም አለ፤ ተራው ሰው የሚኖርበትን ውሸት ከነጠቁት ደስታውም አብሮ እንደሚሄድ የሚያምን ነው። በእኛ ዘመን ደግሞ ሼሊ ቴይለርና ጆናታን ብራውን የተባሉ የሥነ ልቡና ሊቃውንት እ.ኤ.አ. በ1988 የብዙ ጥናቶችን ውጤት ሰብስበው፣ ጤነኛ የሚባለው ሰው ስለ ራሱም ሆነ ስለ ወደፊት ዕድሉ ከእውነቱ ይልቅ የተሻለ ግምት የመያዝ ዝንባሌ እንዳለው ጽፈዋል። ከእነሱም በፊት እ.ኤ.አ. በ1979 ሎረን አሎይና ሊን አብራምሰን ተማሪዎችን ቁልፍ እያስነኩ፣ የመብራቱ መብራትና መጥፋት ምን ያህል በእጃቸው እንደ ሆነ አስገምተው ነበር። መንፈሳቸው የተጨነቀው ተማሪዎች ይልቅ ትክክለኛውን ገመቱ ተባለ። ጓደኛችን ይህን ሲሰማ «ይኸውላችሁ!» አለ። ነገር ግን ይኸው ጥናት እ.ኤ.አ. በ2022 በብዙ ሰው ላይ ተደግሞ ሲታይ ያው ውጤት አልተገኘም። ኀዘንተኛ ሁሉ እውነተኛ፣ ደስተኛ ሁሉ የተታለለ ነው ለማለት ይህ አይበቃም። አብዛኛው ሰው ራሱን ጥቂት ከፍ አድርጎ መገመቱን ግን አንክድም፤ እኛም ከፈተና በፊት ስለምናገኘው ነጥብ የምንናገረውን እናውቀዋለን።

የመጽሐፍ ነገር ይብቃንና ወደ ጋሞ ደጋ እንውጣ፤ የተሻለውን ምሳሌ ያገኘነው ከዚያ ነውና።

ዳን ስፔርበር የተባለ ፈረንሳዊ ሊቅ ከዶርዜ ሕዝብ መካከል ተቀምጦ ካጠና በኋላ እ.ኤ.አ. በ1974 ባሳተመው መጽሐፍ አንድ አስገራሚ ነገር ገልጿል። በዶርዜ ዘንድ ነብር ክርስቲያን አውሬ ነው፤ የቤተ ክርስቲያንን ጾም ያከብራል ይባላል። እንግዲህ ነብር ረቡዕና ዓርብ የሚጾም ከሆነ ባለ ከብቱ በነዚህ ቀናት እፎይ ብሎ መተኛት አልነበረበትምን? አይተኛም። ረቡዕና ዓርብም ከብቱን ከሌላው ቀን ባላነሰ ጥንቃቄ ይጠብቃል።

ይህን ባነበብን ጊዜ መጀመሪያ ሳቅን። «የተማረ» ሰው ቶሎ የሚሰጠው ፍርድ ይህ ሕዝብ የሚናገረውን አያውቅም የሚል ነው። ነገሩን ስናወጣና ስናወርደው ግን የማናውቀው እኛ ሆነን ተገኘን። የነብሩ ጾም ዓለምን በአንድ ሥርዓት አድርጎ የሚያሳይ ነገር ነው፤ ሰውም አውሬም በአንድ ቀን መቁጠሪያ ሥር ይኖራሉ ማለት ነው። የከብቱ ጥበቃ ደግሞ የእጅና የዓይን ሥራ ነው። ሰውየው ሁለቱንም ይዞ ይኖራል፤ አንዱ የሌላውን በር አይከፍትም። ይህ ሰው ተታልሏል ለማለት እንዴት ይቻላል? የሚታለል ሰው በግ ይበላበታል፤ የእሱ አልተበላም።

ተታለለ የምንለው እንዲህ ቢሆን ነበር። ዓርብ ማታ ብርድ ነው፤ ጠባቂው ደክሞታል፤ በሩ አልተዘጋም፤ ተነሥቶ መውጣትም አልወደደም። ያን ጊዜ «ዛሬኮ ዓርብ ነው፤ አይመጣም» ብሎ ጋቢውን ቢከናነብ ራሱን አታለለ። ተረቱ ያው ተረት ነው፤ የተለወጠው የተጠራበት ጉዳይ ነው። ራስን ማታለል ከእምነት ብዛት ብቻ አይመጣም፤ ብዙውን ጊዜ የሚመጣው ከድካም ነው፤ ማየት የሚገባንን ነገር ላለማየት ምክንያት ስንፈልግ።

ስለዚህ የያዝነው አሳብ ይህ ነው። ለአንድ ጥያቄ የሚሰጠው መልስ ዛሬ እጃችን የሚሠራውን የሚለውጥ ከሆነ፣ ያንን ጥያቄ እያወቁ መተው ራስን ማታለል ነው። መልሱ ምንም ሆነ ምን በሩ መዘጋት፣ ልጁም መጉረስ ካለበት ግን፣ ጥያቄውን ለጊዜው አስቀምጦ መኖር ማታለል አይባልም። ዓለም የመጨረሻ ዓላማ አላት ወይስ የላትም የሚለው፣ ቢያንስ ለእራት ሰዓት፣ ከሁለተኛው ወገን ነው።

ይህን ስንለው ጓደኛችን ዝም አለ። ኋላም ያልጠበቅነውን ነገር አወራን። ለካስ በነዚያ ሁለት ወራት ፈጽሞ ሳያውቅ አልነበረም። ስልክ በደወለ ቁጥር አባቱ ወይ እርሻ ወርደዋል፣ ወይ ገበያ ሄደዋል፣ ወይ ለሽምግልና ተጠርተዋል ይባላል። የእናቱ ድምፅ ጎርንኖ ነበር፤ ጉንፋን ነው አሉት። «አንድ ቀን ‹እውነቱን ንገሩኝ› ለማለት አፌን ከፈትሁና ስለ ዝናቡ ጠየቅሁ» አለን። እንግዲህ ያቺን ሰዓት ነው ራሱን ያታለለው። የሻይ ቤቱን ሳቅ ሁሉ ግን በእሷ መፍረድ ልክ አይደለም። ከእኛ ጋር የሳቀው ስለ አባቱ አልነበረም፤ የሳቀበትም ቀልድ በእውነት የሚያስቅ ነበር።

ራስን ማታለል የሚያመጣው ሰላም ሌላውን ሰው ሲያስከፍል የባሰ ነው። ከጋሞ ደጋ ወደ አዲስ አበባ ለሽመና ስለሚወሰዱ ሕፃናት ብዙ ተጽፏል። ደላላው መጥቶ ልጁ ከተማ ገብቶ ይማራል፣ ሙያም ይለምዳል ብሎ ይወስደዋል። አንዳንዱ ልጅ በእርግጥ ይማራል፤ ሌላው ግን ከጠዋት እስከ ሌሊት መወርወሪያ ሲወረውር ትምህርት ቤት በደጁ ሳያልፍ ይኖራል። (ሽመናን መንቀፋችን አይደለም። ሽሮ ሜዳ ላይ በሸማ ሥራ ቤተ ሰቡን በክብር የሚያስተዳድር ስንት የጋሞ ሰው አለ፤ የብዙዎቻችን የትምህርት ገንዘብም ከዚያ ነው የመጣው።) ወላጁ ሁሉ ይህን አያውቅም አንልም፤ የሚጠረጥር አለ። ጠርጥሮም «ይማራል ብለውኛል» እያለ የሚያድር አለ። ድህነት ያስገደደውን ሰው ለመውቀስ እኛ ማን ነን? ነገር ግን ነብሩ ይጾማል ብሎ በሩን ከፍቶ መተኛት ይህ ነው፤ የሚበላውም በግ አይደለም።

አልጄርያ የተወለደው ፈረንሳዊ ደራሲ አልቤር ካሙ እ.ኤ.አ. በ1942 ስለ ሲሲፈስ ጽፏል። ሲሲፈስ በግሪኮች ተረት ድንጋይ ወደ ተራራ እንዲገፋ የተፈረደበት፣ ድንጋዩም ሁልጊዜ ተንከባሎ የሚመለስበት ሰው ነው። ካሙ ይህ ሰው ዕጣውን እያወቀ መኖር መቻሉን ነው የሚያሳየን፤ በዚህ እንስማማለን። ግን ምሳሌው ለእኛ ኑሮ ይጠብበናል። ድንጋይ ውስጥ አይታደርም፤ እሳት አይነድበትም፤ ልጅ አይወለድበትም። የእኛ ምሳሌ የዶርዜ ቤት ቢሆን ይሻላል።

የዶርዜን ቤት ያየ ሁሉ ያውቀዋል። ቀርከሃ ተሰንጥቆ እንደ ትልቅ ቅርጫት ይጎነጎናል፤ በእንሰትና በቀርከሃ ቅጠል ይለበጣል፤ ፊቱ የዝሆን ፊት ይመስላል። አዲስ ሲሆን እስከ 12 ሜትር ቁመት ይደርሳል ይባላል። ከተሠራበት ቀን ጀምሮ ግን ምስጥ ከሥር ይበላዋል። የተበላው ግርጌ ይቆረጣል፤ ቤቱም ዝቅ ይላል፤ እንደገና ይበላል፤ እንደገና ይቆረጣል። እንዲህ እያለ በየጊዜው እያጠረ 60 ዓመትና ከዚያም በላይ ይኖራል። ሲያስፈልግም ብዙ ሰው ተሰብስቦ ተሸክሞ ወደ ሌላ ቦታ ያዛውረዋል። ቤቱን የሚሠራ ሰው ምስጡን አያውቅምን? ከሁሉ ይልቅ ያውቃል፤ ያን ያህል ቁመት ለምስጡ የታሰበለት ድርሻ ጭምር ይመስለናል። የቤቱ መጨረሻ መሬት መሆኑን ራሱን አልሸሸገም። ቤቱ ተመርቆ ሲገባም በደስታ ነው። ይህ ደስታ የቆመበትን ውሸት የሚያሳየን ሰው ቢኖር ደስ ይለናል፤ እኛ ፈልገን አጣነው።

መቼም ስለ ሽማግሎች ተናግረን አንድ ነገር ሳንጠቅስ ማለፍ አይገባንም። በመስከረም 2011 ዓ.ም. በቡራዩ ብዙ ሰው፣ ይልቁንም የጋሞ ተወላጅ፣ በግፍ ከተገደለ በኋላ የአርባ ምንጭ ወጣት በቁጣ ወደ ጎዳና ወጣ። የጋሞ አባቶችም እርጥብ ሣር በእጃቸው ይዘው በወጣቱ ፊት ተንበረከኩ፤ ወጣቱም ተመለሰ። የዚህን ሥርዓት ትርጉም ያደግንበት ሰዎች እናውቀዋለን፤ ሣር ይዞ የተንበረከከን አባት ተራምዶ ማለፍ አይቻልም። በዚህ ጽሑፍ የምናነሣው ግን አንድ ነገር ለማመልከት ነው። እነዚያ አባቶች የሆነውን አልሆነም አላሉም። ወጣቱን ለማብረድ ዜናው ሐሰት ነው ማለት ይቻል ነበር፤ ሰላም በመሸሸግ ብቻ የሚገኝ ቢሆን ኖሮ እንዲህ ባደረጉ። እነሱ ግን ኀዘኑን ከወጣቱ ጋር እኩል እያወቁ ነው የተንበረከኩት። ለጓደኛችን መርዶውን የሸሸጉት ሽማግሎችም የዚሁ ሕዝብ አባቶች ናቸው፤ በእኛ አስተያየት በመስከረም የተሠራው ይበልጣል።

ጓደኛችን ግን በዚህ አልተረታም። አንድ ሌሊት እንዲህ ሲል ጠየቀን፤ «እሺ፤ እኔ እናንተ እንዳላችሁት ሳልጠይቅ ቀረሁ፤ ስሕተቱ የእኔ ነው። እናቴ ግን ሁሉን እያወቀች፣ ከለቅሶው መካከል ተነሥታ ‹ጉንፋን ነው ልጄ› እያለች በስልክ ስቃልኛለች። እሷ ራሷን አላታለለችም። ያ ሳቅ ምን ይባላል?» ከመካከላችን አንዱ ፍቅር ነው አለ፤ ሌላው ለፈተናው ሲባል የተከፈለ ዋጋ ነው አለ፤ ሌላው ደግሞ ያንን ልማድ ማስቀረት አለብን ብሎ ተነሣ። አልተስማማንም። ለእናቲቱም የማይገባትን ስም እንዳንሰጣት ፈርተን ነገሩን ተውነው።

ስለ መስቀልም እንዲሁ ብዙ ተባብለናል። በጋሞ «ዮ ማስቃላ» የሚባልበት ሰሞን ከአዲስ አበባ ሸማኔው ሁሉ ወደ አገሩ የሚጎርፍበት፣ ለሥጋና ለቅቤ ሲጠራቀም የቆየው ገንዘብ የሚወጣበት ነው። ከሚመጣው ሰው ሁሉ ስለ ዓለም ዓላማ ያለው እምነት ተመርምሮ አይደለም ከገበታው የሚቀርበው፤ የሚጠየቀው መጥቶ እንደ ሆነና ጤንነቱ ነው። እንግዲህ ያለ እምነት ከዚያ መቀመጥ ሐሰት የሚሆነው ሰው ሳይጠየቅ አምናለሁ ብሎ ሲምል ነው አልነው። እሱ ግን መልሱን ለራሱ ያዘው።

መስከረም 14 ቀን ማለዳ በጨንቻ መኪና ወጣ። የአባቱ ቤት ግርጌው በምስጥ ተበልቶ ወደ አንድ ጎን አዘንብሎ ስለ ነበር፣ ዘመድ ተሰብስቦ ሳለ የተበላውን ከወንድሞቹ ጋር ለመቁረጥ ነው ያለን።